የዙዙ መርዶ

እኔ ዘፋኝ ነበርኩ ስል ሰው ይስቃል። አይፈረድበትም፤ ድምፄን ሰምቶ ነው። በዕድሜዬ አንድም ቀን በማይክሮፎን ዘፍኜ አላውቅም። ሆኖም በጣሊያን፣ በጀርመንና በስፔን ዳንስ ቤቶች ሕዝብ እጁን አንሥቶ ጮኾልኛል። የኔ ሥራ አፍ መክፈት፣ አፍ መዝጋት፣ ትከሻ መስበቅና ሲቀመጡበት የሚቀደድ የሚያብረቀርቅ ሱሪ መልበስ ነበር። ድምፁ የሌላ ሰው ነው። ሰውዬው ቦሎኛ ውስጥ ሠርግ ላይ የሚዘፍን፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ጎልማሳ ስለነበር ሰው ፊት እንዲወጣ አይፈለግም። እሱ ይዘፍናል፣ ለኔ ይጨበጨባል።

ወደዚህ ጉድ የገባሁት ከጥሩሰው ጋር ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያ ሦስት ሁለታችንም ሮም ውስጥ የአሜሪካ ቪዛ እየጠበቅን አንድ ምግብ ቤት ሰሃን እናጥብ ነበር። ጥሩሰው ሲያጥብ ይዘፍናል፤ እኔ ሳጥብ እሰብራለሁ። ያን ድምፅ ከየት እንደሚያወጣው አላውቅም፤ ማንጎራጎር ሲጀምር እጄ ውኃ ውስጥ እንዳለ ፈዝዤ እቀራለሁ። አንድ ቀን ሲኞር ፋብሪዚዮ የሚባል፣ ጸጉሩን በቅባት የለጠፈ የሸክላ አሳታሚ ምሳውን ትቶ ድምፁን ተከትሎ ወጥ ቤት ገባ። የጥሩሰው ዕድል ተከፈተ ብዬ በልቤ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ሰውዬው ግን ጥሩሰውን ከእግር እስከ ራሱ አየው፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ፣ ከዚያ «ቁመታችሁ ጥሩ ነው» አለን።

«ድምፁስ?» አልኩት።

«ድምፁ ያሳዝናል። በሐዘን ማን ይጨፍራል?»

ዶናቴላ የምትባል ጸጉሯን እሳት ያስመሰለች ልጅ ጨመረብንና ሦስታችንን «ኒሎ ኤክስፕረስ» ብሎ ሰየመን። ጥሩሰው ማለት አቃተውና ቲቲ አለው። ይገዙ ማለት አቃተውና እኔን ዙዙ አለኝ። አባቴ ይህን ሳይሰማ ማረፉ ለሁለታችንም ጥሩ ነው። የዘፈኑ ቀረጻ ሊያልቅ ሲል ፋብሪዚዮ «መሃሉ ላይ የአፍሪካ ምሥጢር ይግባበት፤ በቋንቋችሁ አንድ ነገር በሉ» ሲለን፣ ጥሩሰው ፊቱን ሳይፈታ እንደ ታክሲ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ በጊዮርጊስ! አንድ ሰው!» ብሎ አስቀዳ። አንድ የጀርመን ጋዜጣ ጥንታዊ ጸሎት ነው ብሎ ጻፈ። በኒሎ ኤክስፕረስ ሸክላ ላይ የጥሩሰው ድምፅ የሚሰማው እዚያች ላይ ብቻ ነው።

ዘፈኑ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ እሱ የማይሰማበት ዳንስ ቤት ጠፋ። ትናንት ሰሃን ያጠብንበት ምግብ ቤት ባለቤቱ ወንበር ስቦልን አስቀመጠን። እኔ ወዲያው ጥቁር መነጽር ገዛሁ፤ ማታ ማታም ስለማደርገው ከደረጃ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ጥሩሰው ግን አንድ ትዕይንት ባለቀ ቁጥር መኪና ውስጥ ኩርምት ብሎ ይቀመጣል። «ሕዝቡ እኮ የሚወደው ያንን የቦሎኛ ሰውዬ ነው» ይለኛል። «ቢሆንስ? ሱሪውን የለበስነው እኛ ነን» እለዋለሁ። በዚያን ጊዜ ይህ ለኔ በቂ መልስ ነበር።

በሰማንያ አምስት የኔ ቪዛ መጣ፤ የሱ አልመጣም። ዝናን ትቼ አልሄድም ብዬ ስደነፋ ከአትላንታ አክስቴ እትዬ ተናኘ ደወለች። «አንተ፣ ትከሻህን እስከ ስንት ዓመትህ ልትነቀንቅ ነው? ግሪን ካርድ አግኝተህ ትተኛለህ? ና ብያለሁ!» አለች። የእትዬ ተናኘን ቃል የሚያጥፍ በቤተሰባችን አልተወለደም። ጥሩሰው አየር ማረፊያ ድረስ ሸኝቶኝ አለቀሰ፤ እኔም ከመነጽሬ ሥር እያለቀስኩ ፀሐዩ ነው ብዬ ዋሸሁት። ፋብሪዚዮ በኔ ቦታ ከኬፕ ቨርዴ የመጣ ቁመቱ የሚመጥነኝ ልጅ አስገባና እሱንም ዙዙ አለው። የሸክላውን ሽፋን እንደገና ማሳተም ስላልፈለገ ግን በሥዕሉ ላይ የኔ ፊት ቀረ።

እትዬ ተናኘ አትላንታ ዳር ስቶን ማውንቴን ውስጥ ባለች አፓርታማዋ ሶፋ ላይ አስተኛችኝ። ሥራ ያገኘሁት ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ነው። አውሮፓ የጮኸልኝ ሰው መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሮም ውስጥ ዝነኛ ነበርኩ ብል ማንም አላመነኝም፤ ሁሉም ሰው አገር ቤት አንድ ነገር ነበርኩ ይላልና። ያመኑኝ፣ አብረውን የሚያስቀድሱት እትዬ ኤልፍነሽ ሎረንስቪል አካባቢ ካለ የገበያ አዳራሽ ሸክላውን አግኝተው፣ ከቅዳሴ በኋላ በምእመናኑ መካከል ከፍ አድርገው ያሳዩ ቀን ነው። ያው ሱሪ፣ ያው ትከሻ፣ ያው ዙዙ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ሠርግ በሆነ ቁጥር «አንዴ ዝፈንልን!» ይሉኛል። እኔ ጉሮሮዬን ይዤ «አሞኛል» እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ አልዳነም። በመጨረሻ ጋሼ አክሊሉ ተጨንቀው የጉሮሮ ሐኪም ቀጠሮ ያዙልኝ። ጋሼ አክሊሉ የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ የወግ ጠባቂያችን ናቸው። ሽምግልና እሳቸው፣ ሽኝት እሳቸው፣ መርዶ እሳቸው። አገር ቤት ሰው ሲያርፍ ወሬው የሚደርሰው እሳቸው ዘንድ ነው። የሟቹ ዘመድ ስንት ሰዓት ሥራ እንደሚገባ አጣርተው፣ ሰው ሰብስበው፣ መኪናውን እንዳይታይ ራቅ አድርገው አቁመው በማለዳ በእግር ይመጣሉ። ያለ እሳቸው በስልክ መርዶ የሰማ ሰው ቢኖር የተዋረዱ ያህል ይሰማቸዋል።

በሰማንያ ሰባት በጋ ጥሩሰው ከሮም ደወለልኝ።

«ይገዙ፣ አሜሪካ ልንመጣ ነው። ሐሙስ ማያሚ፣ ቅዳሜ አትላንታ።»

«ኖ ዌይ!»

«ስማኝ፣ ከቅዳሜ በኋላ አልመለስም። እዚያው ካንተ ጋር እቀራለሁ። የሰው ድምፅ ማላመጥ ሰልችቶኛል። ቤተ ክርስቲያናችሁ መዘምራን አሉት?»

«አሉት። ድምፅ ግን የላቸውም።»

«እንግዲያው ተጣጥመናል» አለና ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። «አንተም ማያሚ ና። ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ወጥተን፣ አትላንታ አብረን እንግባ። ለፋብሪዚዮ እኔ እነግረዋለሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ስቄአለሁ። ዙዙ ከመባሌ በፊት የሚያውቀኝ፣ ሰሃን ስሰብር የኔን ጥፋት በራሱ ላይ አድርጎ ቁጣውን የሚቀበል፣ ከዚህ ሁሉ ቀልዴ በታች ምን እንዳለ ሳልነግረው የሚገባው ሰው እሱ ብቻ ነበር። እሱ ከመጣልኝ ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ አልነበረኝም። ዶራቪል ሄጄ ፍራሽ ገዛሁለት። በጋሼ አክሊሉ መኪና ጣሪያ ላይ አስረን ስናመጣው፣ እሳቸው ስለልጁ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ዘመድ የለውም ወይ? እዚህ እኔ ብቻ ነኝ አልኳቸው። «እንግዲያው ወንድሙ ነህ» አሉኝ፤ ነገሩም በዚያው ተወሰነ።

ችግሩ ምላሴ ነው። «ማያሚ ልሄድ ነው፣ ከቡድኔ ጋር መድረክ ልወጣ» ብዬ ለአንድ ሰው ነገርኩ፤ እሑድ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሽኝት ተደገሰ። ዶሮ ተሠራ። ቄሱ ባረኩኝ። እትዬ ኤልፍነሽ የጉዞ ሻንጣ አበረከቱልኝ። ጋሼ አክሊሉ ተነሥተው «ልጃችን የአገር ስም ሊያስጠራ ነው» ሲሉ አንገቴን ደፋሁ፤ ትሑት መሰልኩ። ከሥራም ሙሉ ሳምንት ኦፍ ወሰድኩ።

ረቡዕ ፋብሪዚዮ ደወለ።

«ዙዙ አለን። ሁለት ዙዙ ሕዝቡን ግራ ያጋባል።»

«ዙዙ እኮ እኔ ነኝ!»

«ነበርክ» አለና ዘጋው።

ቅስሜ ስብር አለ። ጥሩሰው ማያሚ እንደደረሰ ደውሎ «ተወው፣ ቅዳሜ ማታ ካንተ ጋር እራት እበላለሁ» ባይለኝ ኖሮ ከሶፋው አልነሣም ነበር። እትዬ ተናኘን ያሳሰባት ግን ሌላ ነገር ነው።

«ተባርከህ፣ ሻንጣ ተቀብለህ፣ ዶሮ በልተህ እዚህ ልትታይ? ሰው ምን ይላል?»

«እና ምን ላድርግ?»

«እስከ ቅዳሜ ከቤት አትወጣም! ቅዳሜ የሚዘፍኑበት አዳራሽ ትሄድና ከነሱ ጋር እንደመጣህ ትሆናለህ። አለቀ።»

እንዲህ ሆኖ ሽኝት የተደረገልኝ እኔ ስቶን ማውንቴን ውስጥ ተደበቅሁ። መጋረጃ ተዘጋ። ሬዲዮ እንዳይሰማ ተጠፋ። ሐሙስ ማታ እትዬ ኤልፍነሽ ድስት ሊመልሱ ሲመጡ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተጋድሜ መጋረጃውን ሳብኩ። እሳቸውም እዚያው እጃቸውን እየታጠቡ «ይሄኔ መድረክ ላይ ነው፣ የኔ ጌታ» እያሉ ሲመርቁኝ፣ ቧንቧው በማጅራቴ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

ዓርብ ስልኩ ዕረፍት አጣ። የሚደውለው ሁሉ ስለኔ ይጠይቃል። እትዬ ተናኘ ዓይኗን በጨው አጥባ «አዎን፣ አሁን ከማያሚ ደወለልኝ፤ በጣም ደኅና ነው፣ እንደውም ወፍሯል» ትላለች። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «እሺ፣ እሺ» ብሎ ቶሎ ይሰናበታል። አንዲት ሴትማ ስቅስቅ ብላ ዘጋችው።

«ዛሬ ሰው ምን ነካው? አንተን አንተን ይላል» አለችኝ።

«ፌም እንዲህ ነው፣ እትዬ። ዝናን ልመጂው» አልኳት።

ቅዳሜ ማለዳ እትዬ ተናኘ ለሥራ ለባብሳ ጫማዋን ስታስር በሩ ተንኳኳ። እኔ ሽንት ቤት ጥርሴን እየቦረሽኩ ነበር። በበሩ ቀዳዳ ስታይ ጋሼ አክሊሉ በዚያ በጋ ሙቀት ጥቁር ካፖርት ለብሰው ቆመዋል፤ ኋላቸው እትዬ ኤልፍነሽ በጥቁር ነጠላ፣ ከዚያ ኋላ ደግሞ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። አበሻ በዚያ ሰዓት ጥቁር ለብሶ ሲመጣ ለምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። በሩን ስትከፍት የመቆለፊያውን ሰንሰለት ድምፅ ሰማሁ።

«ወይዘሮ ተናኘ፣ እስኪ ይቀመጡ» አሉ ጋሼ አክሊሉ።

«እማዬን ነው! እማዬ ሞተችብኝ!» ብላ ወለሉ ላይ ተዘረረች።

አያቴን!  የጥርስ ብሩሹን እንደነከስኩ፣ አረፋው በአገጬ እየወረደ፣ በውስጥ ሱሪ ብቻ ወጣሁ።

እትዬ ኤልፍነሽ አዩኝ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ድምፅ ግን አልወጣቸውም፤ ለዚህ ሙያ እኔ ነበርኩ የተቀጠርኩት። ከኋላ የነበሩት ሽማግሌ «በስመ አብ!» ብለው በሩ ጋ ተመለሱ። ጋሼ አክሊሉ ብቻ አልተነቃነቁም። ቀስ ብለው ተጠግተው ክንዴን ቆነጠጡኝ።

«አይ!» አልኩ።

«ሥጋ አለው» አሉ ዞር ብለው።

እትዬ ኤልፍነሽ እልል ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ ከነአረፋው አፌን ሳሙኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ቴሌቪዥን ፎቶዬን አሳይቷል። ቡድኑ የተከራየው አውቶቡስ ዓርብ ንጋት ከማያሚ ሲወጣ ተገልብጧል። ልጅቷ ተርፋለች፣ ዙዙ ሞቷል። አክስቴ ደግሞ አሁን ደወለልኝ፣ ወፍሯል ስትል፣ ምስኪን አልሰማችም ብለው ሲያለቅሱላት አድረዋል። እትዬ ተናኘ ከወለሉ ተነሥታ አንዴ እናቴ ደኅና ናት፣ አንዴ ልጄ አልሞተም እያለች ታመሰግናለች።

እኔ ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ሳቅሁ። «ዙዙማ ሌላ ሰው ነው!» አልኩ። «በኔ ቦታ የገባው ልጅ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!» ከዚያ ልጁ ትዝ አለኝ። እውነተኛ ስሙን ጠይቄ እንኳ አላውቅም። በኔ ፎቶ ሞተ፣ በኔ ቅጽል ስም ተለቀሰለት፤ አሁን ደግሞ የሞተው እሱ በመሆኑ እልል እየተባለ ነው። ሳቄ ቆመ።

«ልጅቷ ተርፋለች አላችሁ» አልኩ። «ሌላስ? ጋሼ አክሊሉ፣ ቲቲ ስለሚባለው ምን አሉ?»

እልልታው ከየአፉ ረገፈ። እትዬ ኤልፍነሽ ክንዳቸውን ከአንገቴ ላይ ቀስ ብለው አነሡ። ጋሼ አክሊሉ መሬት መሬት አዩ። ሁለታችንም ሞተናል ብለው ስለነበር የጥሩሰውን መርዶ የሚነግሩት ሰው አትላንታ ውስጥ አለ ብለው አላሰቡም።

«ንገሩት እንጂ!» አለች እትዬ ተናኘ።

«አይሆንም» አሉ ጋሼ አክሊሉ። «በሳቅና በእልልታ መሃል፣ አፉ ላይ አረፋ እያለ አይነገረውም። ያ ልጅ እናቱ እዚህ የለችም፣ እኅትም የለችውም። ያለው ወንድም ይህ ነው። እኛ እያለን በወሬ ወሬ አይረዳም፤ በወጉ ይረዳል። ተነሡ፣ እንውጣ።» ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ፊትህን ታጠብና ልበስ» አሉኝ።

ሁሉም ወጡ። እትዬ ተናኘ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለቻቸው፤ እሷም መርዶ አርጂ ሆና ልትመለስ ነው። በሩ ተዘጋ።

ታጠብኩ። ጥቁር ልብስ ፈለግኩ፤ ያለኝ ጥቁር ነገር የመኪና ማቆሚያው ዩኒፎርም ነበር፣ ደረቱ ላይ ስሜ የተጠለፈበት። እሱን ለበስኩና በመጋረጃው ጠርዝ አየኋቸው። መኪናቸው ድረስ ተመልሰው ነበር። ጋሼ አክሊሉ አንድ በአንድ አሰልፈዋቸው፣ የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆልፈው፣ ሣሩን ዳር ዳሩን ይዘው እንደ አዲስ መምጣት ጀመሩ። አንደኛው ሽማግሌ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቀስ ይላሉ። እሳቸውን ለመጠበቅ ሁሉም ይቆማል። ቀስ በሉ፣ ጋሼ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ እያልኩ እለምናቸዋለሁ። ነገሩ ገብቶኛል፤ ግን እስካሁን ማንም አልነገረኝም። እነሱ መንገድ ላይ እስካሉ ድረስ ጥሩሰው ማታ ለእራት ሊመጣ ይችላል። አልከፍትም ብልስ? ሽንት ቤት ገብቼ ገንዳው ውስጥ ልተኛ፣ መጋረጃውን ልሳብ? ለመደበቅ እንደኔ የሠለጠነ ሰው የለም።

በሩ ተንኳኳ።

ሄጄ ከፈትኩ። ጋሼ አክሊሉ ቅድም እዚያ ቤት እንዳልነበሩ፣ ቅድም በውስጥ ሱሪ እንዳላዩኝ ሁሉ ቆመዋል። ዓይናቸው ግን ቀልቷል።

«ይገዙ ልጄ» አሉኝ። «እስኪ ተቀመጥ።»

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብለው፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወንድምህ ጥሩሰው ዐርፏል አሉኝ። እኔ ስጮኽ እትዬ ኤልፍነሽ ቀጠሉ፣ እትዬ ተናኘ ቀጠለች፣ ሽማግሌዎቹም ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። አንዳቸውም በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ለኔ ብለው ይዘውት የመጡትን ለቅሶ ለሱ አለቀሱለት።